አጋዘን ጎረቤት ሲሆን ምን ይደረጋል?

ጠዋት ጓሮ ስትወጡ ትናንት ያያችሁት የባቄላ ቡቃያ የለም። የጽጌረዳው እምቡጥም ሄዷል። ጥንቸል ትሁን አጋዘን ለማወቅ ጎንበስ ብላችሁ የተቆረጠውን ጫፍ እዩት። ጥንቸል የበላችው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። አጋዘን የበላው ግን የተቦጨቀ ነው፣ ጭረቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አጋዘን እንደ በግ ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ይዞ ጎትቶ ነው የሚበጥሰው።

አጋዘን መሆኑን ካወቃችሁ አንድ ነገር ተቀበሉ፦ አይሄድም። ዛፍና ሣር ያለበት፣ አትክልት ውኃ የሚጠጣበት፣ አዳኝ አውሬ የሌለበት ሰፈር ለእሱ ከጫካው ይሻለዋል። አባርራችሁት ማታ ይመለሳል። ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅም ቀላል አይደለም፣ በድንጋጤና በጭንቀት ብቻ የሚሞቱ አሉ። ስለዚህ ሥራው ያለው እኛ ጋ ነው።

ከሁሉም በፊት ምግብ አትስጧቸው። ይህን የምለው አብልተው የሚደሰቱ ሰዎችን ክፉ ናቸው ብዬ አይደለም፣ ብዙዎቹ አዝነውላቸው ነው የሚያደርጉት። ግን የአጋዘን ሆድ እንደ ላም አራት ክፍል አለው፣ ውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ በየወቅቱ ከሚበላው ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚላመዱት። ክረምት በበረዶ ወቅት ቀንበጥና ቅርፊት ሲበላ ለከረመ አጋዘን ድንገት በቆሎ ብታፈሱለት ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛና ሆዱ ሞልቶ እያለ ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ አንድ ገንዳ ዙሪያ ሲሰበሰቡ በሽታ ይጋባሉ። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል፣ እንስሳውን እያመነመነ የሚገድል መድኃኒት የሌለው በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ሲሆን በምራቅ፣ በሽንትና በፋንድያ ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ሦስተኛው ነገር ፍርሃታቸው መጥፋቱ ነው። ከእጅ መብላት የለመደ አጋዘን ልጅ ይጠጋል፣ መንገድ ዳር ይቆማል። በጃፓኗ ናራ ከተማ አጋዘኖች ከሰው ጋር ለዘመናት ኖረዋል። እዚያም እ.ኤ.አ. በ2019 የሞቱ አጋዘኖች ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል፣ ከአንዱ ብቻ 4.3 ኪሎ ወጥቷል።

አትክልታችሁን በእውነት የሚያድነው አጥር ነው። ጥሩ ዘላይ ስለሆነ 2.4 ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። የሚያርፍበትን ካላየ ግን መዝለል ያመነታል፣ ስለዚህ የማያሳልፍ የጣውላ አጥር ዝቅ ቢልም ይሠራል። ከሥር ክፍተት አትተዉ፣ ሾልኮ ይገባል። አናቱ ላይ ሹል ብረት ያለው አጥር ካላችሁ ግን እባካችሁ አስተካክሉት። ሲዘል ሆዱ ተወግቶ እዚያው የሚቀር አጋዘን አለ፣ ማየቱም ከባድ ነው።

ሙሉ አጥር ካልሆነላችሁ ችግኞቹን ለየብቻ በሽቦ ወንፊት ክበቧቸው። ወንዶቹ መጸው ላይ ቀንዳቸውን ግንድ ላይ ስለሚያሹ ለጋ ዛፍ ቅርፊቱ ተልጦ ይደርቃል። በእንቁላል ሽታ የተሠራ የሚረጭ መከላከያም ይረዳል፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ድጋሚ መርጨት ነው። ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ላቬንደርና ነጭ ሽንኩርት ብዙም አይወዱም። ከራበው ግን የማይበላው የለም።

አሁን ወደ ግልገሎቹ ልምጣ፣ ሰው በደግነት ብዙ ጥፋት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሣር መሃል ነጭ ነጠብጣብ ያላት ግልገል ተጠቅልላ ተኝታ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጆሮዋን ለጥፋ፣ አይኗን አፍጥጣ፣ ትንፋሿ እንኳ የማይታይ ሆና። አልተጣለችም! እናትየው ሽታዋ አውሬ እንዳይጠራባት ራቅ ብላ ትውላለች፣ በቀን ጥቂት ጊዜ መጥታ ታጠባታለች። እናንተ እዚያ ከቆማችሁ አትመጣም። ስለዚህ ሳትነኩ ሂዱ። ቀድሞ የወሰዳት ሰው ካለም ወደ ነበረችበት ይመልሳት፣ ሰው ስለነካት እናቷ ትተዋታለች የሚባለው እውነት አይደለም። ከቆሰለች፣ ቀኑን ሙሉ እየጮኸች ከተንከራተተች ወይም እናቷ አጠገቧ ሞታ ካያችሁ የዱር እንስሳት ባለሙያ ጥሩ። በዚህ ወቅት ውሻችሁንም በማሰሪያ ያዙት፣ ግልገል ያላት እናት ውሻን በኮቴዋ ትረግጣለች።

መኪና ለምትነዱ፦ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የመራቢያ ጊዜያቸው ነው፣ ወንዶቹ እንስት ሲያሳድዱ መንገድ አያዩም። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ፍጥነት ቀንሱ። አንድ ካለፈች ከኋላዋ ሌላ አለ ብላችሁ ጠብቁ። ድንገት ፊታችሁ ከገባ ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ፣ ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ከዛፍ ወይም ከፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ሲጋጭ ነው።

መዥገርም አትርሱ። በመዥገር ንክሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የላይም በሽታን ተሕዋስ መዥገሯ በዋናነት የምታገኘው ከአይጥና ከመሳሰሉት ነው፣ አጋዘን ግን ያደገችውን መዥገር ይመግባል። ሣር ውስጥ ከዋላችሁ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ፀጉር ሥር ፈትሹ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ንቀሉ።

የእግር ኳስ መረብና የተንጠለጠለ አልጋ መጸው ላይ አንሱ፣ ቀንዳቸው ይጠላለፍበታል። ግቢያችሁ ገብቶ መውጫ ያጣ አጋዘን ካለ ደግሞ አትክበቡት፣ አጥር ላይ ራሱን ይሰብራል። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ውሻውን አስገቡ፣ መብራት አጥፉና እናንተም ግቡ። ሲመሽ በራሱ ይወጣል።