«አይሠራም» ብሎ መጻፍና ሌሎች የፈቃደኛ ፈታሾች ስህተቶች

ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ለመፈተሽ ዲፕሎማም ሆነ ኮድ የመጻፍ ችሎታ አይጠየቅም። ፌዶራ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ስርዓቶች ገና ያልበሰለውን ስሪታቸውን ለማንም ክፍት ያደርጋሉ፤ የፈለገ አውርዶ ይጭናል፣ የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ይናገራል። አስቸጋሪው አነጋገሩ ነው። ፈታሽ እንደ ምስክር ነው፤ ያየውን፣ የት እንዳየውና በምን ሁኔታ እንዳየው፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው በሚችል መልክ ማስቀመጥ አለበት። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኛዎቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ከአንድ ጊዜ በላይ።

ብቸኛውን ኮምፒውተር ለሙከራ ማዋል

የዕለት ሥራዎን የሚሠሩበትን ላፕቶፕ ለሙከራ ስሪት አሳልፈው አይስጡ። መጠባበቂያ ቅጂ ፋይል ያድናል፤ ኮምፒውተሩን ግን ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 የኡቡንቱ 17.10 የዴስክቶፕ እትም ከማውረጃ ገጹ እንዲነሣ ተደርጎ ነበር፤ በከርነሉ (በስርዓቱ እምብርት) ውስጥ የነበረ አንድ የኢንቴል ድራይቨር፣ ማለትም ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም፣ የአንዳንድ ሌኖቮ ላፕቶፖችን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም) ያበላሽ ስለነበር ነው። ያ ደግሞ የሙከራ እትም እንኳ አልነበረም፤ በይፋ ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉን ነገር በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተመሰለ ኮምፒውተር) ውስጥ ብቻ ወደ መሞከር ያዘነብላል። ይህም ሌላ ስህተት ነው። የቨርቹዋል ማሽን ግራፊክስና ኔትወርክ ካርድ ማንም ዘንድ ያው ነው፤ ፌዶራም ኦፕን ኪውኤ በተባለው ስርዓቱ አማካይነት እዚያ ውስጥ የሚደረጉትን መደበኛ ፍተሻዎች በራስ ሰር ያካሂዳል። ከፈቃደኛው የሚፈለገው ማሽኑ የሌለው ነገር ነው፦ ማንም የማያውቀው የዋይፋይ ካርድ፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንቅልፍ የሚወስደውና ሲከፈት የማይነቃው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ግትሩ ማተሚያ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ ሁለተኛ ኮምፒውተር ካለዎት ሀብት ነው።

ያወረዱትን ሳያረጋግጡ መጀመር

ተከላው መሃል ላይ ሲቆም ጥፋተኛው በማውረድ ጊዜ የተጎዳ ፋይል ወይም ያረጀ ፍላሽ ሊሆን ይችላል። ከፋይሉ ጋር የሚቀመጠውን የሻ 256 ቁጥር (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳይ አሻራ) ማመሳከር ብዙ ጊዜ አይወስድም። የሙከራ ስሪቶች በየዕለቱ ሊታደሱ ስለሚችሉ የወረደው የየትኛው ቀን እንደሆነም ይመዝግቡ።

«አይሠራም» ብሎ መጻፍ

የመጀመሪያ ሪፖርቴ አንድ መስመር ነበር፦ «ከዝማኔው በኋላ ድምፅ አይሠራም።» መልሱ በአራት ጥያቄዎች መጣ። የከርነሉ ስሪት ስንት ነው? የጠፋው የድምፅ ማጉያው ነው ወይስ የጆሮ ማዳመጫው? ከየትኛው ስሪት ነው ያዘመንከው? አዲስ የተጠቃሚ መለያ ከፍተህ ስትሞክርስ? ሦስቱን በኩራት መለስኩ። አራተኛውን ስሞክር ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከዓመታት በፊት በገዛ እጄ ነካክቼ የረሳሁት አንድ የቅንብር ፋይል ነበር ጥፋተኛው። ከዚያ ወዲህ በአዲስ መለያ ሳልሞክር የላክሁት ሪፖርት የለም።

ጥሩ ሪፖርት ደረቅ ነው። የተከተሉት ቅደም ተከተል፣ ይሆናል ብለው የጠበቁት፣ በእርግጥ የሆነው፣ የስሪቱና የሃርድዌሩ ስም። ከዚህ ጋር ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ድግግሞሹ። «አምስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱን ጊዜ ተሰናከለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አልሚው (ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው) የጊዜ መቀዳደም ጉድለት፣ ማለትም ሁለት ሥራዎች ማን ይቅደም በሚል የሚጋጩበት ስህተት፣ እንዲጠረጥር ያደርገዋል፤ «አንዳንዴ ይሰናከላል» የሚለው ግን የትም አያደርሰውም። ግምት ካለዎት ይጻፉት፤ ግምት መሆኑን ግን ለይተው። «የግራፊክስ ድራይቨሩ ተበላሽቷል» ብሎ መጀመር አልሚውን ወደ ተሳሳተ በር ይልካል፤ እርስዎ ያዩት ስክሪኑ መጥቆሩን ብቻ ነው።

«ቀድሞ ይሠራ ነበር» ከማለትም እስከ የትኛው ስሪት ድረስ እንደሠራ ማወቅ ይሻላል። አልሚዎች በሠራውና ባልሠራው ስሪት መካከል ያሉትን ለውጦች እየከፈሉ መሃሉን ይሞክራሉ። አንድ ሺህ ያህል ለውጥ ቢኖር በዐሥር ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ላይ ይደረሳል። ያለ መነሻና መድረሻ ግን ክፍፍሉ አይጀመርም። አሮጌውን ከርነል መልሶ አስነሥቶ መሞከር ብዙውን ጊዜ አንድ ዳግም ማስነሣት ነው፤ ፈታሹ ሊሰጥ ከሚችለው ሁሉ ውዱ መረጃ እሱ ይመስለኛል።

የተለያየ ችግር በአንድ ሪፖርት ማጨቅ

ዋይፋዩ፣ የቀን መቁጠሪያውና የአማርኛ ፊደል አጻጻፉ በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው፤ ሦስት ሪፖርት ይሁኑ። በተቃራኒው የሌላ ሰው ሪፖርት ሥር «እኔም» ብሎ መጨመር ምልክቱ አንድ ሆኖ መንሥኤው ሲለያይ ውይይቱን ያወሳስባል። ሃርድዌሩ ከተለየ አዲስ ከፍቶ ከአሮጌው ጋር ማያያዝ ይበጃል።

ትንሹን እንግዳ ነገር ማለፍ

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ፖስትግሬስ ኪውኤል የተባለው የውሂብ ጎታ አልሚ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ዴቢያን ሲድ በተባለው ያልረጋ ስሪት ላይ ሌላ ነገር እየለካ ሳለ የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ፕሮግራም) መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አየ። የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ይሠራል። እሱ ግን ለምን ብሎ ተከተለው፤ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ሆን ተብሎ የተተከለ የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ላይም ደረሰ። ያ ኮድ የፌዶራን የልማት ስሪትና የዴቢያንን የሙከራ ቅርንጫፍ ደርሶባቸው ነበር፤ ወደ ዴቢያን የተረጋጋ ስሪት ግን አልገባም። በእኔ ዘንድ ፍተሻ ማለት ይህ ነው፦ የተለመደው ፍጥነት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለውጡን ሲያይ ትከሻውን አለመነቅነቁ።

ሳይጠቀሙ ድምፅ መስጠት

ቦዲ በተባለው የፌዶራ የዝማኔ መገምገሚያ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ዝማኔ ሲደመር አንድ ወይም ሲቀነስ አንድ መስጠት ይቻላል፤ በቂ አዎንታዊ ነጥብ ያገኘ ዝማኔ ወደ ሁሉም ተጠቃሚ ሊያልፍ ይችላል። ተጫነ ብቻ ብሎ ነጥብ የሚሰጥ ሰው ያላየውን ይመሰክራል። ተቃራኒውም አለ፦ ዝማኔው ያላመጣውን፣ ከድሮም የነበረ ጉድለት ምክንያት አድርጎ ሲቀነስ መስጠት። እንዲህ ሲደረግ የሌሎች ሰዎች ችግር መፍትሔ በማያገባው ነገር ይታገዳል። የድሮው ጉድለት የራሱ ሪፖርት ይኑረው።

በመጨረሻው ሳምንት መድረስ

ኡቡንቱ በየኤፕሪሉና በየኦክቶበሩ ይወጣል፤ ፌዶራም በየስድስት ወሩ ገደማ። ቀኑ ሲቃረብ ኮዱ እንዳይለወጥ ይታገዳል፤ ፌዶራ ልቀቱን የሚያዘገየው በዋናነት አስቀድሞ የተጻፈውን የመልቀቂያ መስፈርት የሚጥስ ጉድለት ሲገኝ ነው። ስለዚህ በቤታ (ከይፋዊው በፊት በሚወጣው የሙከራ እትም) ሰሞን በቀላሉ ይታረም የነበረ ነገር በመጨረሻው ሳምንት ሲነገር «በሚቀጥለው ስሪት» ይባላል። አልሚዎቹን በዚህ መውቀስ አይቻልም።

የስርዓቱን መዝገብ እንዳለ መለጠፍ

መዝገቡ የኔትወርክዎን ስም፣ የተጠቃሚ ስምዎንና የመሣሪያዎን መለያ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፤ ሪፖርቱ ደግሞ ማንም ያነበዋል። ከመለጠፍዎ በፊት ያንብቡት።

ሪፖርት አድርጎ መጥፋት

አልሚው «ይህን ሞክረህ ንገረኝ» ካለ ሪፖርቱ የሚጠብቀው እርስዎን ነው። አንድ የፌዶራ ስሪት የሚደገፈው 13 ወር ያህል ነው፤ ዕድሜው ሲያበቃ በእሱ ላይ የተከፈቱ ሪፖርቶች ይዘጋሉ። ችግሩ በአዲሱም ስሪት ካለ፣ አለ ብሎ የስሪቱን ቁጥር መቀየር የፈታሹ ፈንታ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ብሉቱዝ በጥንቃቄ የጻፍኩት ሪፖርት ከአራት ወር በኋላ ማስተካከያ ይዞ መጣ፤ አንድ ፈቃደኛ አልሚ ያለ መሣሪያው፣ በጽሑፌ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የጻፈው ነበር። የጠየቀኝ እንድሞክርለት ብቻ ነው። መልእክቱን ያየሁት ላፕቶፑን ለሰው ከሰጠሁ በኋላ ነበር። ሪፖርቱ «ምላሽ አልተገኘም» ተብሎ ተዘግቷል፤ ማስተካከያው እስከ ዛሬ ከሥሩ ተያይዞ ይገኛል፣ ማንም አልሞከረውም።