ድሬ ላይ ብስክሌት ለምትነዱ፦ እሾሁ፣ ፀሐዩና ደቻቱ

ድሬዳዋ ለብስክሌት የምትመች ከተማ ናት። አብዛኛው ሜዳ ነው። ግን የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ገዝተው ወር ሳይሞላቸው ግድግዳ ያስደግፉታል። ምክንያታቸው ሁሌም ጎማ ነው፤ የግራር እሾህ።

ጎማው ከተነፈሰ ወዲያው ውረዱና ግፉት። "ጎሚስታው ቅርብ ነው" ብላችሁ ከነዳችሁት ቸርኬው ከመነዳሪውን (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ቆራርጦ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ጥጋን አይመልሰውም።

ራሳችሁ ለመለጠፍ ማስቲሽ፣ ጥጋን፣ ብርጭቆ ወረቀትና መንፊያ ይበቃል። ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ትንሽ ንፉትና ሳፋ ውኃ ውስጥ አዙሩት። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። አድርቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አሁን ታገሱ! ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ጠብቁና ጥጋኑን አጥብቃችሁ ተጫኑት።

ሰው የሚረሳው ግን ይሄን ነው፦ እሾሁ አሁንም ጎማው ውስጥ አለ። እኔ አንድ ቀን ቀፊራ አካባቢ ሦስት ጊዜ አስለጥፌ፣ ሦስቴም መቶ ሜትር ሳልሄድ ተነፈሰብኝ። በመጨረሻ የጎማውን ውስጥ በጣቴ ቀስ እያልኩ ስዳብስ የሆነ ነገር ወጋኝ። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች የእሾህ ጫፍ ነበረች፤ ከውጭ ጭራሽ አትታይም፣ ጎማው መሬት ሲረግጥ ብቻ ነው ወደ ውስጥ ብቅ የምትለው። ስለዚህ ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት ጎማውን ዙሪያውን ዳብሱ። ጫፏን በፒንሳ ወይም በጥፍር መቁረጫ ንቀሉ።

ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባትነዱ ይሻላል። ግድ ከሆነ በከዚራ በኩል ሂዱ፤ መንገዱ ዛፍ አለው። ስታቆሙም ጥላ ፈልጉ፤ ጢም ብሎ የተነፋ ጎማ ፀሐይ ላይ ሲውል የቆየ ጥጋን ይለቃል።

ባጃጅ ኋላ ተጠግታችሁ አትንዱ። ተሳፋሪ እጁን ካነሳ ያለ ምልክት ዳር ይይዛል።

የደቻቱን ወንዝ በተመለከተ ግን እባካችሁ ስሙኝ። ከከዚራ ወደ መጋላ ለማቋረጥ ደረቁን አሸዋ ማቆራረጥ ያጓጓል። በክረምት አታድርጉት። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይሄው ወንዝ ነው። በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆንም እንኳ፣ በድልድዩ ዙሩ። አሸዋው ላይ እያላችሁ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ብስክሌቱን እዚያው ጥላችሁ ወደ ዳር ሩጡ።