ፖርቶመጋላና የጎን ቦርሳ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኖሪያዬ ሱሉልታ ስለሆነ ዕቃ ጭነው ወደ ጫንጮና ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያልፉ ብስክሌተኞችን አዘውትሬ አያለሁ። ብዙዎቹ በውድ የገዙት ቦርሳውን ነው፤ ቦርሳው የተንጠለጠለበት ፖርቶመጋላ፣ ማለትም ከኋላ ጎማው በላይ የሚታሰረው የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ግን በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል። ይህ ያሳስበኛል። ገንዘብ ላጠረው ሰው የሚያዋጣው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቦርሳ በርካሽ ይገኛል፣ ካልተገኘም ይሰፋል፤ ብረቱ ላይ መቆጠብ ግን መንገድ ላይ ያስቀራል።

በጣም የተለመደው ስህተት የኮርቻውን ዘንግ ብቻ ጨብጦ የሚይዘውን ፖርቶመጋላ መግዛት ነው። ለመግጠም ስለሚቀል ያጓጓል። የመሸከም ዐቅሙ ግን ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎ ገደማ ነው፤ በአራት ቦታ በብሎን የሚታሰረው በአብዛኛው እስከ 25 ኪሎ ይችላል። ድንኳን፣ የመኝታ ልብስ፣ ምግብና 4 ሊትር ውሃ ሲደመሩ 10 ኪሎ ያልፋሉ። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ብረቱ ከነጭነቱ ወደ ጎን ይዞራል።

ብስክሌቱን ቤት ትቶ ገበያ መውጣትም ሌላው ስህተት ነው። ከኋላ ጎማው መሐል አጠገብና ከኮርቻው በታች፣ በግራም በቀኝም ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸውን አስቀድመው ይመልከቱ። ከሌሉ ቱቦውን ዙሪያውን የሚይዝ፣ ውስጡ ላስቲክ የለበሰ ማቀፊያ ያስፈልጋል። ብስክሌቱ የዲስክ ፍሬን ካለው የፖርቶመጋላው እግር ከፍሬኑ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሳይገጥሙ አይክፈሉ።

ብሎኑን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ቁልቁለቱን ስወርድ ከቀኝ በኩል ቀጭን የብረት ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ድንጋይ መስሎኝ ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ፖርቶመጋላው ተንሸራተተ፣ ቦርሳው ጎማው ውስጥ ገባ፣ ሦስት የቸርኬ ሽቦዎች ተበጠሱ። የታችኛው ቀኝ ብሎን ወልቆ ጠፍቶ ነበር። ጭነቱን ከሞላ ጎደል የሚሸከሙት ሁለቱ የታች ብሎኖች ናቸው፤ ንዝረት ደግሞ ቀስ በቀስ ያላላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ሮንዴላ አስገባለሁ፣ ጥርሱን የብሎን ማጣበቂያ እቀባለሁ፣ ሰንሰለቱን የማይነካ ከሆነ ከውስጥ በኩል ዳዶ እጨምራለሁ። የመጀመሪያውን 20 ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ ቆሜ አጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ። ሁለት ትርፍ ብሎን ከኪሴ አይጠፋም።

አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ብቻ መምረጥም አይበጅም። ከተሰበረ የመንገድ ዳር በያጅ ባለው ተራ መበየጃ ሊጠግንልዎ አይችልም። የብረት ቱቦ ግን ብየዳ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ይበየዳል። ጋራዥ ሄደው ለማሠራት ካሰቡ፣ ሠሪው በድፍን ፌሮ ሊሠራው ከፈለገ እሺ አይበሉት፤ ክብደቱ ራሱ ጭነት ይሆናል። ቀጭን የብረት ቱቦ ይበቃል። የቦርሳው መንጠቆ ሰፍቶ ቱቦው ላይ ከላላ፣ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው ቱቦውን ይጠቅልሉት፤ መንኳኳቱም መፋቁም ይቆማል።

ወደ ቦርሳው ስንመጣ፣ ትልቅ ቦርሳ አላስፈላጊ ዕቃ ያስጭናል። ለሁለት ሦስት ቀን ጉዞ እያንዳንዳቸው 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ቦርሳዎች ይበቃሉ። ቦርሳውን ሰቅለው ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዙሩ፤ ተረከዝዎ ከነካው ወደ ኋላ ይግፉት፣ አሁንም ከነካ አይግዙት። የጭነት መኪና ሸራ ለሸራ ሰፊ ሰጥቶ ማሰፋት ይቻላል፤ እኔ የምጠቀመው እንዲህ የተሰፋውን ነው። በጎማው በኩል ያለውን ጀርባ ግን ጠንካራ ነገር ሳያስገቡበት እንዳይተዉት። የእኔ ውስጥ ያለው ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ልሙጥ ፕላስቲክ ነው፤ ቦርሳው ወደ ሽቦዎቹ እንዳይጎብጥ ይከላከላል። ከታች በኩል የሚስበው ላስቲክና መንጠቆም ሊቀር አይገባም፤ ያለ እሱ ቦርሳው በየጉድጓዱ ይዘላል።

ሻጭ «ውሃ አያስገባም» ሲል የተሰፋበትን መስመር ይዩ። በክር የተሰፋ ሁሉ፣ ስፌቱ በላዩ ካልታሸገ በቀር፣ በመርፌው ቀዳዳ ውሃ ያስገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም በእኛ አካባቢ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ምሕረት የለውም። ውድ ቦርሳ ከመግዛት ይልቅ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ውስጡ አልብሶ አፉን አጥፎ ማሰር ይበቃል።

የመጨረሻው ስህተት አጫጫኑ ላይ ነው። ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች አህያ ሲጭኑ ልብ ብለው ይዩ፤ አንዱ በአንድ ጎን፣ ሌላው በሌላው ጎን ቆመው ሸክሙን ያመዛዝናሉ፣ ካጋደለም ፈትተው እንደገና ያስራሉ። ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ውሃውን ለሁለት ከፍለው በግራና በቀኝ ያድርጉት፣ ከባዱን ዕቃ ከቦርሳው ሥር ያስቀምጡ። ከፖርቶመጋላው አናት ላይ ቀላሉን ብቻ ያስሩ፤ ለእኔ እሱ የመኝታ ልብሴ ነው።