ጀርመንኛ ለምታስተምሩ፦ በ24 ቃል ጀምሩ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀርመንኛ ለምታስተምሩ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የሥነ ጽሑፍ ኮርሱን በወፍራም ልብወለድ አትጀምሩ። ተማሪው ሦስተኛው ገጽ ላይ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ አስተርጉሞ ይመጣል፣ አለቀ።

ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 በጀርመኗ ከተማ ኢልሜናው አጠገብ፣ ኪክልሃን ተራራ ላይ በነበረች ጎጆ የእንጨት ግድግዳ ላይ የጻፋትን ግጥም ያዙ። 8 ስንኝ ናት፣ ታትማ በምናውቃት መልኳ 24 ቃል ብቻ። ስንኞቹን በመቀስ ቆራርጡና አደባልቃችሁ ስጧቸው፣ ራሳቸው ይደርድሯቸው። ከተራራው ጫፍ ወደ ዛፎቹ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ወፎቹ፣ መጨረሻ ላይ ወደ «አንተ» እየወረደች እንደምትመጣ ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል። ሰዋስውም አለላችሁ፦ «ዩበር» (ከ... በላይ)፣ «ኢን» (ውስጥ)፣ «ኢም» («ኢን» ከነመስተአምሩ) ሦስቱም እዚህ «የት?» ለሚለው መልስ ስለሆኑ ዳቲቭ የሚባለውን የስም ሙያ ይዘው ነው የመጡት። ያ ሁሉ የሚያስፈራ የዳቲቭ ሰንጠረዥ እዚችው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

እኔ የምወዳት ግን የመጨረሻዋን ስንኝ ነው። «ሩኧስት ዱ አውኽ»፣ አንተም ታርፋለህ። እንቅልፍ ነው ሞት? አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ካላችሁ ለማስረዳት አትልፉ፣ «እገሌ አረፈ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ብቻ ጠይቁት። (ቀድማችሁ እንዳትነግሩት ታዲያ፣ ጨዋታው ይበላሻል።)

ልብወለዱ አራተኛው ሳምንት ላይ ይደርሳል።