የግንቦት 1983ን የአዲስ አበባ ትዝታ ከወላጆቻችሁ አፍ እንዴት ትቀዳላችሁ?

ያኔ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ስልሳዎቹን አጋምሷል። የጄኔራሎቹንና የለንደኑን ድርድር ታሪክ ፈልገን እናገኘዋለን፤ እናታችሁ በዚያ ሳምንት ለልጆቿ ዳቦ ከየት እንዳመጣች ግን እሷን ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ። ስልካችሁ ላይ ያለው የድምፅ መቅጃ ይበቃል።

መጀመሪያ ቀኖቹን በወረቀት ጻፉ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጡ፣ በቦታቸው ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረኪዳን ተተኩ። ግንቦት 15 የሌኒን ሐውልት ወረደ። ግንቦት 16 ሻዕቢያ አስመራ ገባ። ማክሰኞ ግንቦት 20 የኢሕአዴግ ታንኮች አዲስ አበባ ገቡ፣ ታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ ከባድ ተኩስ ነበር። ግንቦት 27 ደግሞ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ይህን የምትይዙት ሰው ለማረም አይደለም። ቀን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፣ «ሌኒን ከወረደ በኋላ ነው በፊት?» ስትሉት ግን ነገሩ መልክ ይይዝለታል። የቤተ መንግሥቱን ተኩስና የመጋዘኑን ፍንዳታ የሚያደባልቅም አይጠፋም፤ እየለያችሁ ጠይቁ።

«እስቲ ስለ ግንቦት 20 ንገሪኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። በቴሌቪዥን የሰማችውን መልሳ ትነግራችኋለች። በእጅ ከሚነካ ነገር ጀምሩ፦ በሩን በምን ደገፋችሁት? ልጆቹን የት አስተኛችሁ? ውኃ ነበር? ሬዲዮው የማን ነበር? የእኔ እናት ለዓመታት «ፈራን፣ አለፈ» ብቻ ነበር የምትለው። አንድ ቀን ሰፈራችን ስለገቡት የደርግ ወታደሮች ስጠይቃት፣ አንዱ አጥር ላይ ቆሞ የሲቪል ልብስ እንደለመናት ነገረችኝ። ምን ሰጠሽው? የአባቴን ቡኒ ሱሪ። ልኩ ነበር? «ኧረ ወገቡ ሰፍቶት በገመድ አሰረው» አለችና ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የመጣው፣ ልጁ የት አገር ሰው እንደነበረ፣ ሽጉጡን የት እንደጣለ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ሁሉንም።

ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ። ይህ ከባዱ ነገር ነው። ጥያቄ አትደርድሩ፣ ቡና ይፈላ፣ ጊዜ ስጧቸው።

ያ ቀን ለሁሉም አንድ አልነበረም። ለአንዱ ቤት ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና በሕይወት የተመለሰበት ነው፣ ለሌላው አባት የታሰረበት፣ ለሌላው ደግሞ ታጋይ እህቱን ከስንት ዓመት በኋላ ያየበት። የቀድሞ ሠራዊት አባል ካላችሁ «ጋሼ፣ መሣሪያዎን የት አስረከቡ? ጦላይ ካምፕ ገብተዋል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ታጋይ የነበረችውን አክስታችሁንም አስፋልቱንና መብራቱን ስታይ ምን እንደተሰማት ጠይቋት። የዛሬን ፖለቲካ አምጥታችሁ ከማንም ጋር አትከራከሩ። ከተከራከራችሁ የምትቀዱት የራሳችሁን ድምፅ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የተለየ ዕድል አላችሁ። ግንቦት 16 እና 17 ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከቦሌ ተጓጉዘዋል። አያቶቻችሁን የእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ስለነበረው ተራ ጥበቃ፣ ስለተለጠፈባቸው ቁጥር፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ማን አጠገብ እንደተቀመጡ ጠይቁ። ጥለውት የሄዱትን ዕቃም አትርሱ።

ፎቶና ወረቀት ካለ አብራችሁ አንሱት፦ የቀበሌ መታወቂያ፣ የወታደር ደብተር፣ ደብዳቤ። የፎቶውን ጀርባም አንሱ፣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ እዚያ ነው። የዚያን ወር ጋዜጦች ማየት ከፈለጋችሁ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ ጠይቁ።

ድምፁን እንደጨረሳችሁ ፋይሉ ላይ የተራኪውን ስም፣ ሰፈሩንና የተቀዳበትን ቀን ጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሌላ ሁለት ቦታ ገልብጡት። ለሌላ ሰው ከማሰማታችሁ በፊት ለተናገሩት ሰው አሰሟቸው። የጎረቤት ስም ወይም ማን ማንን እንደጠቆመ ተነስቶ «ይህን አውጡልኝ» ካሉ፣ ያለ ምንም ክርክር አውጡላቸው።