ከዝገቱ ይልቅ ጥገናው የሚገድለው ብረት ድስት

ከከዚራ አሮጌ ግቢዎች አንዱ ዕቃውን ሲያስወጣ፣ በቆራሌው ጆንያ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ብረት ድስት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እሱን ተከትለው የሰፈሩት ፈረንሳዮች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች ቤት ሲያቋቁሙ ወጥ ቤት ማቋቋማቸው አልቀረም። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ጥግ ላይ፣ ከተበላሸ ፕሪመስና ከፋኖስ ስብርባሪ አጠገብ፣ እንዲህ ያለ ድስት ዝጎ ቢገኝ አይገርምም።

የማወራው ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ስለሚፈስሰው፣ ካስት አይረን ስለሚባለው ብረት ነው፤ ከላሜራ ስለሚሠራው ቀጭን ብረት ምጣድ አይደለም። ይህ ብረት ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ስላለበት እንደ ላሜራ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ለዓመታት ዝጎ የተቀመጠውን አብዛኛውን ጊዜ ማዳን ይቻላል። በአንድ ከሰዓት ጥድፊያ የተበላሸውን ግን ማንም አይመልሰውም። የተለመዱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ዓመተ ምሕረት አድርጎ ማንበብ

ሻጯ ድስቱን ገልብጠው 26 የሚለውን ያሳያሉ። «1926 ነዋ! የድሮ ዕቃ ነው ልጄ።» «በእኛ አቆጣጠር ነው እናቴ ወይስ በፈረንጆቹ?» ሲባሉ፣ «አንተ የትኛውን ትፈልጋለህ?» ይላሉ። በእውነቱ የትኛውም አይደለም። በፈረንሳይ ክብ ድስቶች ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የአፉ ስፋት በሴንቲ ሜትር ነው፤ ማስመሪያ ይዞ መለካት ክርክሩን ይዘጋዋል። እንደ ግሪስዎልድ ባሉ የአሜሪካ መጥበሻዎች ላይ ያለው 8 ወይም 10 ደግሞ የሚቀመጥበትን የድሮ ምድጃ ቀዳዳ መጠን ያመለክታል። የፈረንሳዩ ድስት ፋብሪካ ለ ክሩዜ የተመሠረተው በ1925 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የዚህን ፋብሪካ ድስት «ከባቡሩ ጋር የመጣ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ቸኩሏል። ዕድሜን በመጠኑ የሚጠቁመው ሌላ ነገር ነው፦ ከድስቱ ሥር መሐል ለመሐል የሚያልፍ ቀጭን የጠባሳ መስመር። የቀለጠው ብረት የገባበት በር ምልክት ሲሆን፣ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ መሆኑን ይናገራል። ይህን መስመር እንከን መስሏቸው በሞረድ የሚያስተካክሉ አሉ። ዋጋውን አብረው እየሞረዱት መሆኑን የሚነግራቸው የለም።

ሳይፈትሹ መክፈል

ማግኔት በኪስ መያዝ አያሳፍርም። ካልሳበው አልሙኒየም ነው፤ ጥቁር ቀለም ቢቀባም አልሙኒየም ነው። ከሳበው በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ መምታት፤ ጤነኛ ድስት ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ከዚያ በመስታወት ወይም በእብነ በረድ ላይ ማስቀመጥ። ከተንቀጠቀጠ ሥሩ ተጣሟል፤ ከሰል ላይ ሊሠራ ይችላል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን ዕድሜ ልኩን ያናድዳል። የተሰነጠቀውን «በያጅ ጋ እወስደዋለሁ» ብሎ መግዛትም ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ብረት ሲበየድ በዝግታ መሞቅና በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት፤ የኒኬል ኤሌክትሮድም ይፈልጋል። በተለመደው መንገድ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

ከጋራዥ የወጣን ድስት ለምግብ ማዋል

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ወፍራም ብረት ድስት እርሳስ ለማቅለጥ የሚመች ዕቃ ነው፤ የመኪና ባትሪ የሚጠግኑና የዓሣ ማጥመጃ ክብደት የሚሠሩ ሰዎችም ይህንኑ ያውቃሉ። እርሳስ የቀለጠበት ድስት በውጭ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። ውስጡ ላይ በጥፍር የሚጫር ግራጫ ጠብታ፣ ወይም ለማብሰያ የማይመስል የብረት ፍንጣቂ ካለ ይተውት። ማጠብ፣ ማቃጠል፣ በአሲድ መዘፍዘፍ፣ አንዳቸውም ለምግብ እንዲያበቁት አይታመኑም፤ ማቃጠሉ ደግሞ እርሳሱን ወደ ጢስ ስለሚለውጠው ከመተው የባሰ ነው። እርሳስ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ከዋጋ ክርክሩ መቅደም አለበት። መልሱ «ከጋራዥ» ከሆነ አበባ ይተከልበት።

እሳት ውስጥ መጣል

አሮጌ ጥቀርሻ ለማስለቀቅ ድስቱን የከሰል ክምር ውስጥ ቀብሮ ማደር የተለመደ ምክር ነው። ጥቀርሻው በርግጥ ይለቃል። ነገር ግን በወናፍ የሚነፋ ከሰል ብረቱን እስኪቀላ ያደርሰዋል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ስለሚግልም ሥሩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ከዚያ የሚወጣው ቀይ ዱቄት የመሰለ ልባስ ከተራ ዝገት የተለየ ነው፤ ቢፈተግም የሚቀባውን ዘይት እንደ ቀድሞው አይዝም።

ግራይንደር

ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሞረጃ ብዙ አልልም። ድስቱን እንደ መስታወት ያበራዋል፤ የፋብሪካውን ጽሑፍ ይበላዋል፤ የማይጠፋ ጭረት ይተውበታል። ሽቦ ብሩሽ በእጅ ይዞ መፈተግ ይበቃል።

አቼቶ ውስጥ ረስቶ ማደር

አቼቶ ዝገትን ይበላል፤ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይቀጥላል። እኩል በእኩል ከውኃ ጋር ቀላቅሎ ከ30 ደቂቃ በላይ አለመተው፤ አውጥቶ ፈትጎ፣ ዝገት ከቀረ መድገም። ሌሊቱን ያደረ ድስት ገጹ ሻካራና ግራጫ ሆኖ ይነሳል። በሮቃ፣ በጎምዛዛው ፍሬ፣ የሚሠሩትም ያው በአሲድ እየሠሩ ነው፤ ሰዓት መቁጠሩ አይቀርላቸውም። ደግሞም አሲድ የሚያነሳው ዝገትን ነው። የተቃጠለ ቅባትን አያነሳም፤ ብዙ ሰው አቼቶ ውስጥ የሚረሳውም ያልተነሳውን ጥቀርሻ እየጠበቀ ነው።

በኮስቲክ ሶዳ መቀለድ

ለቅባቱ ትክክለኛው መድኃኒት ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ብረቱን ሳይነካ የደነደነውን ቅባት ያሟሟል። በ20 ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል፤ ጥቂት ቀናት ይቆይ። የድሬዳዋ ሙቀት እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፤ ሲሞቅ በፍጥነት ይሠራል። ስህተቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሶዳው ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ሁልጊዜ ሶዳው ነው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመረው፣ አለዚያ ፈልቶ ይረጫል። ሁለተኛው የአልሙኒየም ገንዳ ወይም የአልሙኒየም እጀታ ያለው ዕቃ ማስገባት፤ ሶዳው አልሙኒየሙን እየበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ሦስተኛው የእኛው የብቻችን ነው፦ ይህን ሥራ በሽርጥና በነጠላ ጫማ መሥራት። ሙቀቱን አውቃለሁ፤ ግን የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና የተሸፈነ እግር ግድ ናቸው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ በርሜል፣ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ።

ድስቱን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ፊት ለፊቱ ሌላ ብረት አንጠልጥለው፣ በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ዝገት የሚያነሱ ሰዎችም አሉ፤ ሲያውቁበት ግሩም ዘዴ ነው። ውኃው ውስጥ ጨው መጨመር ግን ክሎሪን ጋዝ ያስወጣል፤ ከድስቱ ፊት ለፊት የማይዝግ ብረት ማንጠልጠልም መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። ተራ ብረትና ሶዲየም ካርቦኔት፣ ያውም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ።

የመስታወት ልባስ ወይም ኢናሜል ያለው ድስት በእነዚህ ሁሉ ዘዴዎች አይገባም። ለብ ያለ ውኃ፣ ቤኪንግ ሶዳና ትዕግሥት ብቻ። የውስጡ ልባስ ከተፈረከሰ ለመደርደሪያ እንጂ ለወጥ አይሆንም።

ሲያሟሹ ዘይት ማብዛት

ምጣድ በጎመን ዘር ያሟሹ እናቶች ሥራውን ድሮ ያውቁታል፦ ቅባቱ በሙቀት ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ወደ ጠንካራ ቀጭን ልባስ ይለወጣል። ለዚህ የሚስማማው በሙቀት የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ጎመን ዘር፣ ኑግ፣ ሱፍ። የሚረጋው የፓልም ዘይት በአብዛኛው ስለማይደርቅ ድስቱን ሙጫ ያስመስለዋል። ተልባ ደግሞ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ሲውል ሲያድር ግን እንደ ቅርፊት መላጥ ይወዳል፣ ስለዚህ አልመርጠውም።

ድስቱን በደንብ አድርቀው ሞቅ ያድርጉት። ዘይቱን ውስጡንም ውጭውንም ቀብተው፣ ስህተት የሠሩ ይመስል ጠርገው ያውጡት። የቀረው የማይታይ ከሆነ በቂ ነው። ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ምድጃ ውስጥ ተደፍቶ አንድ ሰዓት ይቆይና እዚያው ይቀዝቅዝ፤ ሦስት አራት ጊዜ ይደገም። ቤት ውስጥ ኦቨን ከሌለ የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ዳቦው ከወጣ በኋላ መለመን ነው። ዘይት አብዝቶ አንዴ ለመገላገል የሞከረ ሰው የሚያገኘው የሚያጣብቅ ጠብታ ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ሰዓት መልሶ ማጋል ነው።

ከታጠበ በኋላ መርሳት

የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያለው ሁሉ ያውቃል። ድስቱ በራሱ እንዲደርቅ ሲተው ነጭ እድፍ ይይዛል፤ ይህን አይተው የተሟሸው ተበላሸ ብለው ከሥሩ የሚፈትጉ አሉ። በጨርቅ አድርቆ ለሁለት ደቂቃ እሳት ላይ ማድረግ እድፉንም ዝገቱንም ያስቀራል። ትኩስ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ግን ሊሰነጥቀው ይችላል። በፈሳሽ ሳሙና መታጠቡ ጉዳት የለውም፤ «ብረት ድስት በሳሙና አይታጠብም» የሚባለው ክልከላ ሳሙና ኮስቲክ ከሚበዛበት ዘመን የቀረ ነው። ሐረር ያለ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ክዳኑን ገጥሞ አያስቀምጥ፤ የታጠፈ ጋዜጣ በመካከሉ ያስገባ።

አዲስ በተሟሸ ድስት የቲማቲም ስልስ መጀመርም አይሆንም፤ የቲማቲሙ አሲድ ያልበሰለውን ልባስ ያነሳዋል። መጀመሪያ ሳምቡሳ ይጠበስበት። ዘይቱ ብዙ ነው፣ ሙቀቱም እኩል ነው፤ ከጥቂት ጥብስ በኋላ ስልሱም ይደርሳል።