በጅማ አሮጌ ቤት ውስጥ የፓርላማ ታሪክ ማሳያ ለማደራጀት

የፓርላማ ታሪክ ማለት በአብዛኛው ወረቀት ነው፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ለወረቀት አይራራም። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ገና በግንቦት ይበረታል። ስለዚህ ሥራው ከጣሪያ ይጀመራል።

ቤቱ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ፈቃድ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል። ቀለም መቀባት እንኳ ቢሆን በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ በኩል ጠይቁ።

ቆርቆሮውን ከውስጥ ሆናችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ በቀን እዩት፤ የተበሳው ሁሉ በብርሃኑ ይታያል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። ከግድግዳው ሥር ያለው መሬት በመጀመሪያው 1 ሜትር ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነው፤ ለቤቱ ግን ጠንቅ ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን ወደ ውስጥ ስለሚያፍነው ጭቃው ከኋላው ይርሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። የተላቀቀውን አንሱና በጭድ በተቦካ ጭቃ ጠግኑ፤ ላዩን በኖራ ቀቡ። ጣሊያን ያሠራው የድንጋይ ቤት ከሆነ ደግሞ 3 እጅ አሸዋ በ1 እጅ ኖራ ይበቃዋል።

ግድግዳው ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁ ለ2 ቀን ተዉት። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከወጣ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ ጥገናው አላለቀም ማለት ነው። በክፍሉ በኩል ከወጣ ችግሩ አየሩ ነው። የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ስቀሉ፤ ከ60 በመቶ በታች ያዙት። ከ65 አልፎ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይነሳል። ዝናብ ሲጥል «ቤቱ ይናፈስ» ብሎ መስኮት መክፈት እርጥበቱን መጋበዝ ነው፤ ፀሐይ በወጣበት ከሰዓት በኋላ ክፈቱ። የማሳያ መስታወት ሳጥኖችን ከግድግዳ 10፣ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር አርቁ። ቡና ለእንግዳ ማፍላት ደስ ይላል፤ ከሰሉና ዕጣኑ ግን በረንዳ ላይ ይሁን፣ ጭሱ ወረቀት ላይ ይቀመጣል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ቤተሰብ የሚያመጣው የአባት ወይም የአያት ሰነድ ብዙውን ጊዜ በስቴፕለር ሽቦ የተያያዘ ነው። ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ስለሚበላው ሁለቱን ጥርሶች ከጀርባ በቀስታ ቀና አድርጋችሁ አውጡት፤ አትጎትቱት። ስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ። ነፍሳት ያለበትን ወረቀት በላስቲክ አሽጋችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ፣ በቤት ፍሪዘር 2 ሳምንት አቆዩት፤ ሲወጣ ላስቲኩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቀን ጠብቁ፤ አለዚያ በላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። በፍሬም ውስጥ መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካገኛችሁ ለማላቀቅ አትሞክሩ። ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ በ600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ ጥራት) ስካን አድርጉና ቅጂውን ስቀሉ። መብራቱ ለወረቀት ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አይለፍ፤ ፀሐይ በፍጹም አይንካው።

ታሪኩን ከአዲስ አበባ ከጀመራችሁት የጅማ ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ሲወጣ ጅማ ገና በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነበረች፤ የራስ አስተዳደሯ ያበቃውም ብዙም ሳይቆይ ነው። ያኔ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የፈቀደው የተሻሻለው የ1948 ሕገ መንግሥት ነው። ሁለቱን ምክር ቤቶች በሙሉ ስማቸው ጻፉ፦ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። ፓርላማው የተበተነበት 1967፣ በ1979 የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ በ835 አባላቱ፣ ከዚያም የ1987 ሕገ መንግሥት ይከተላሉ። የ1923ቱን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ አትፈልጉት፤ ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1934 ነው።

መግለጫ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ዓመተ ምሕረት ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመቀየር ሁሌ 8 መደመር አይሠራም። ሐምሌ 1923 ላይ 8 ስትደምሩ 1931 ይሆናል፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ላይ ግን 7 ነው የሚደመረው፣ 1994። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8። አፋን ኦሮሞው በቁቤ ሲጻፍ ከአማርኛው ስለሚረዝም የሰሌዳውን ልክ በእሱ ወስኑ፤ የሁለቱም ፊደል መጠን ከ24 ፖይንት አይነስ። የሰሌዳው መሐል ከወለል 1.45 ሜትር ላይ ይሁን።

ዕቃ ስትቀበሉ በስጦታ ነው ወይስ በውሰት የሚለውን በጽሑፍ ለዩ። ደረሰኙ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ የዕቃው መግለጫ፣ ስትረከቡት የነበረበት ሁኔታ በፎቶ፣ የሚመለስበት ቀን፣ የወራሾቹ ፊርማ ይግባበት። ወራሾች ብዙ ከሆኑ የአንዱ ፊርማ ብቻ አይበቃም፤ ነገ ሌላው መጥቶ ሊጠይቃችሁ ይችላልና።